ጫት ጉልበት ይሰጣልን?

(ስለ አካል ቅንጅትና ስለ አነቃቂ ዕፅ፤ ከናይሮቢ)

በናይሮቢ ከተማ ለሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ባዮሎጂ አስጠና ነበር። አንድ ቀን ስለ ነርቭ ሥርዓት አስተምሬ ስጨርስ፣ የፎርም 4 ማለትም የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ጓደኞቹ እስኪወጡ ጠብቆ ቀረበኝና «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ግን የእኔ ጥያቄ መሆኑን ለማንም እንዳይናገሩ» አለኝ። ጥያቄውን እንጂ ስሙን እንደማላነሣ ቃል ገባሁለት። እሱም እንዲህ አለ፦

«ጫት ጉልበት ይሰጣል ይባላል። ባለፈው የፈተና ሰሞን ሚራ ቅሜ ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና ዐደርሁ። እንቅልፍ የሚባል አልነበረም፤ ያነበብሁት ሁሉ የገባኝ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ከፈተናው ወረቀት ፊት ስቀመጥ ግን ባዶ ሆንሁ። ጉልበት ከሰጠኝ፣ ጉልበቱ የት ሄደ?»

ይህ ጥያቄ በብዙ መማሪያ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ከሚሰፍሩት ጥያቄዎች የተሻለ ጥያቄ ነው። መልሱም የሚገኘው «ጫት መጥፎ ነው» በሚል ስብከት ሳይሆን ስለ አካል ቅንጅት በሚያስተምረው ምዕራፍ ውስጥ ነው። በ1985 የተጀመረው 8-4-4 የተባለው የኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ስለ ዕፆች የሚሰጠውን ትምህርት ከነርቭና ከሆርሞን ትምህርት ጋር አንድ ላይ ማስቀመጡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ለእኛም አገር መምህራንና ተማሪዎች ይጠቅም ይሆናል በማለት ለልጁ የሰጠሁትን መልስ ዘርዘር አድርጌ ከዚህ በታች አቀርበዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ሚራ ለምን ይጣደፋል?

በናይሮቢ ብዙ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ኢስትሊ በተባለው ሰፈር የሚራ ገበያ የደራ ነው። ሚራ ማለት በእኛ አገር ጫት የምንለው ያው ዕፅ ሲሆን፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ይመጣል። የሚበቅለው ከናይሮቢ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከኬንያ ተራራ በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኙት የኒያምቤኔ ኮረብታዎች፣ በማዋ ከተማ አካባቢ ነው። ቅርንጫፉ እንደ ተቀነጠሰ በፒክአፕ መኪና ተጭኖ ይበራል ማለት ይቻላል። የእነዚህ መኪኖች ፍጥነት በመንገዱ ላይ የታወቀና የሚፈራ ነው። ከዚያም ከፊሉ ናይሮቢ ይቀራል፤ ከፊሉ ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሶማሊያ ይጓዛል። አወዳይን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ጥድፊያ ሲያነብ አገሩ ያለ ይመስለዋል፤ ከአወዳይ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ሐርጌሳ የሚሄደውም ጭነት እንዲሁ ነውና።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለምንድን ነው? ቡና ወር ቢቀመጥ ቡና ነው። ጫት ግን ሲያድር ዋጋው ይወድቃል። ቃሚዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ሳይንስ ምክንያቱን ያገኘው ግን በቅርቡ ነው። ስለ ዕፁ ሳይንሳዊ ገለጻ የጻፈው ፔር ፎርስኮል የተባለው የዕፀዋት ተመራማሪ ከዴንማርክ ንጉሥ ተልኮ የመን ሄዶ በ1763 እዚያው ሞተ፤ ጽሑፉንም የጉዞ ጓደኛው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። በ1930 ካቲን የተባለ ቅመም ከጫት ውስጥ ተለየ። ካቲን ግን ደካማ ስለ ሆነ፣ ትኩስ ጫት የሚያሳየውን ብርቱ ውጤት ሊያስረዳ አልቻለም። ልክ ፎርስኮል ከታተመ ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዕፆች መመርመሪያ ላቦራቶሪ ከትኩስ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የተባለውን ዋናውን ቅመም አገኘ።

ካቲኖን የማይረጋ ቅመም ነው። ቅጠሉ ከተቀነጠሰና መድረቅ ከጀመረ በኋላ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ አብዛኛው ወደ ካቲንና ወደ ኖርኤፌድሪን ይለወጣል። እንግዲህ የማዋው ሾፌር የሚሽቀዳደመው ከሌላ ሾፌር ጋር ብቻ አይደለም፤ ከአንድ ኬሚካላዊ ለውጥ ጋር ጭምር ነው። ይህ ቅመም በሞለኪውል አሠራሩ ለአምፌታሚን በጣም የቀረበ ነው። አምፌታሚን በፋብሪካ የሚሠራ አነቃቂ መድኃኒት ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይወስዱት ነበር።

፪. የአካል መልእክተኞች

የሰው አካል ሥራውን የሚያቀናጀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የነርቭ ሥርዓት ሲሆን ፈጣን ነው፤ ከነርቮቻችን ፈጣኖቹ መልእክት የሚያደርሱት በሰከንድ 100 ሜትር ያህል እየተጓዙ ነው። ሁለተኛው የሆርሞን ሥርዓት ሲሆን፣ ዕጢዎች የሚያመነጩት ቅመም በደም ተጉዞ ሥራውን ስለሚሠራ ዝግ ይላል፤ ውጤቱ ግን ይቈያል።

በአንጎላችን ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉ። በአብዛኛው አንዱ ሕዋስ ከሌላው ጋር አይነካካም፤ በመካከላቸው ሲናፕስ የተባለ ክፍተት አለ። የክፍተቱ ስፋት የ1 ሚሊ ሜትር 50,000ኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። ቢሆንም የኤሌክትሪክ መልእክት ይህን ክፍተት በቀላሉ አይዘለውም። ታዲያ መልእክቱ እንዴት ይሻገራል?

ይህን ያስረዳው ኦቶ ሌቪ የተባለ ሳይንቲስት በ1921 በኦስትሪያ አገር፣ በግራትስ ከተማ ያሳተመው ሙከራ ነው። ሌቪ የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ አውጥቶ በጨው ውሃ ውስጥ እየመቱ እንዲቈዩ አደረገ። የመጀመሪያውን ልብ የሚያዘገየውን ነርቭ ሲቀሰቅሰው ልቡ ምቱን ቀነሰ። ከዚያም ያንን ልብ ያጠበውን ፈሳሽ ወስዶ ለሁለተኛው ልብ ሰጠው። ነርቩ ያልተነካው ሁለተኛው ልብም እንደ መጀመሪያው ምቱን ቀነሰ! ስለዚህ ነርቩ በፈሳሹ ውስጥ አንድ ቅመም ትቶ ነበር ማለት ነው። ሌቪ ለዚህ ግኝት ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ጋር በ1936 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

እንግዲህ በነርቭና በነርቭ መካከል መልእክት የሚያሻግሩት እንዲህ ያሉ ቅመሞች ናቸው። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልጉን ሁለቱ፣ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ናቸው። ዶፓሚን ፍላጎትንና ትጋትን ያነሣሣል፤ ኖርአድሬናሊን ንቃትን ይጨምራል። ሁለቱም በነርቩ ጫፍ ላይ በትናንሽ ከረጢቶች ውስጥ ተከማችተው ይቀመጣሉ። መልእክት ሲመጣ ጥቂቱ ወደ ክፍተቱ ይፈስሳል፤ ማዶ ያለውን ተቀባይ ይነካል፤ ከዚያም አብዛኛው ተመልሶ ይገባል። ልክ ቈጣቢ ባለቤት ከጎተራ ለዕለት የሚበቃውን ቀንሶ የተረፈውን እንደሚመልስ ማለት ነው።

፫. ካቲኖን በጎተራው በር

ካቲኖን ከቅጠሉ ወጥቶ በአፍና በአንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል። በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰውም መቃም ከተጀመረ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አንጎል ሲደርስ ከሁለት ወገን ይሠራል። አንደኛ፣ ምንም መልእክት ሳይመጣ የተከማቸው ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን እንዲፈስስ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ የፈሰሰው ተመልሶ እንዳይገባ መግቢያውን ይዘጋል። ስለዚህ ክፍተቱ በቅመሞቹ ይጥለቀለቃል። ሰውየውም ይነቃል፣ ይጫወታል፣ ሐሳብ ይፈልቅለታል፣ ሁሉ ነገር የሚቻል ይመስለዋል። ምርቃና የሚባለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ የልጁን ጥያቄ እናስታውስ። ጉልበት ከየት ይመጣል? የአካል ጉልበት የሚገኘው ምግብ በሕዋስ ውስጥ ከኦክስጂን ጋር ሲዋሐድ ነው። ጫት ይህን አያደርግም፤ እንዲያውም የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ገቢውን ይቀንሳል። ካቲኖን የሠራው ነገር ቢኖር አካሉ ራሱ ያከማቸውን መልእክተኛ ያለ ወቅቱ ማስወጣት ነው። ባጭሩ ጫት እህል አያመርትም፤ ጎተራ ይከፍታል።

፬. ጅብ ሳይኖር ከጅብ መሸሽ

ካቲኖን የሚሠራው በአንጎል ብቻ አይደለም። ሳናዝዛቸው የሚሠሩትን የውስጥ አካላት የሚቈጣጠሩ ሁለት የነርቭ ክፍሎች አሉ። ሲምፓተቲክ የሚባለው ለአደጋ ጊዜ ያዘጋጃል፤ ፓራሲምፓተቲክ የሚባለው ለዕረፍትና ለምግብ መፈጨት ያመቻቻል። በጨለማ ጅብ ቢያጋጥመን ሲምፓተቲኩ ይነሣል፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎችም አድሬናሊን ይለቃሉ። ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ይረጋል። ጫት የቃመ ሰው አካል ግን ጅብ ሳይኖር ለብዙ ሰዓት ከጅብ እንደሚሸሽ ሆኖ ይቈያል። ምልክቶቹም የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። ቀድሞ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ላለበት ሰው ይህ አደገኛ ነው።

ለ. የዐይን ብሌን ይሰፋል፤ አፍ ይደርቃል፤ የሰውነት ሙቀት ከፍ ይላል።

ሐ. የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ የአንጀት እንቅስቃሴ ይቀንሳል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ቅመም ሲጨመርበት የሆድ ድርቀት ይከተላል።

መ. ሽንት ለመሽናት ያስቸግራል።

ሠ. እንቅልፍ ይሸሻል።

ለመምህራን መጠቈም የምፈልገው ይህን ዝርዝር ተማሪዎች እንዲሸመድዱት ማድረግ እንደማያስፈልግ ነው። የሲምፓተቲክን ሥራ የተረዳ ተማሪ ዝርዝሩን ራሱ ያወጣዋል።

፭. ከምርቃና በኋላ

የፈሰሰው ቅመም ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ከረጢቶቹም ቶሎ አይሞሉም። ያን ጊዜ ደስታው በድብርት፣ ጨዋታው በዝምታና በቍጣ ይለወጣል። ቃሚዎች ራሳቸው ለእያንዳንዱ ደረጃ ስም አውጥተውለታል። ጫቱን ካላገኙ የሚመጣው ጥማትና መቅበጥበጥ ሐራራ ይባላል። ሲያቋርጡ በእንቅልፍ ላይ የሚያስጨንቀው ቅዠት ዱካክ ይባላል። እነዚህ ቃላት ያለ ላቦራቶሪ የተደረጉ ትክክለኛ ምልከታዎች ናቸው። ሐራራ ማለት ነርቮቹ ከውጭ የሚመጣውን ቅመም ለምደው በራሳቸው መሥራት ሲያቅታቸው የሚያሰሙት ጩኸት ነው።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ጨብሲ ነው። ምርቃናውን ለመስበርና እንቅልፍ ለማምጣት ተብሎ የአልኮል መጠጥ ይወሰዳል። አልኮል ደግሞ ነርቭን የሚያዘገይ አደንዛዥ ነው። ነዳጁን እየረገጡ ፍሬኑንም እንደ መያዝ ስለሆነ፣ ሰውየው የሰከረ ሳይመስለው ይሰክራል። እንዲህ ሆኖ መሪ የሚይዝ ሾፌር ለራሱም ለተሳፋሪውም አደጋ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ደግሞ አለ። ጫት ከመድኃኒት ጋር ይጣላል። አምፒሲሊን የተባለውን ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት እየዋጠ የሚቅም በሽተኛ መድኃኒቱ ወደ ደሙ የሚገባው መጠን እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል። ስለዚህ ሐኪም «ጫት ትቅማለህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ እውነቱን መናገር ይገባል፤ ጥያቄው የሕክምና እንጂ የወቀሳ አይደለም።

፮. ወረቀቱ ለምን ባዶ ሆነ?

አሁን ወደ ልጁ ፈተና እንመለስ። ነቅተን በምንውልበት ሰዓት በአንጎል ውስጥ አዴኖሲን የተባለ ቅመም ይጠራቀማል፤ ሲበዛ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን መቀበያ በመሸፈን ያነቃናል። ካቲኖን ደግሞ በዶፓሚንና በኖርአድሬናሊን ጩኸት የአዴኖሲንን ድምፅ ያሰጥመዋል። በሁለቱም መንገድ ድካሙ ተሸፈነ እንጂ አልጠፋም። ድካምን የሚያጠፋው እንቅልፍ ብቻ ነው።

ደግሞም እንቅልፍ የባከነ ጊዜ አይደለም። ቀን የተማርነው ነገር በአንጎል ውስጥ የሚጸናው በአብዛኛው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ልጁ ሌሊቱን ያነበበውን ነገር አንጎሉ የሚያደላድልበት ጊዜ አላገኘም። «ገባኝ» የሚለው ስሜትም ከዶፓሚን የመጣ ስሜት እንጂ የዕውቀት ማረጋገጫ አልነበረም። ጠዋት ላይ ካቲኖኑ ሲቀንስ፣ የተሸፈነው ድካምና የተራቆተው ጎተራ አንድ ላይ መጡበት።

ይህን ስነግረው ልጁ ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ያን ሌሊት የቃምሁት የጠዋቱን ጉልበቴን ነበር» አለኝ። እኔ ከዚህ የተሻለ አላስረዳሁትም።

፯. የመምህሩ ድርሻ

ጫት ለሜሩ ገበሬም ሆነ ለሐረርጌ ገበሬ እንጀራው ነው። በሜሩ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሲጠያየቁ ሚራ ይዘው ይሄዳሉ፤ በሐረርጌ ለዱዓ ይቀመጡበታል። በእኛ አገር ታሪክም የቈየ ነው፤ በ14ኛው ምዕተ ዓመት የነገሡትን የዐፄ ዓምደ ጽዮንን ጦርነት የሚተርከው ዜና መዋዕል ሳይቀር የይፋቱን ገዥ ሰብረዲንን ዛቻ ሲዘግብ ጫትን ይጠቅሳል። ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። ኬንያ በ2016 ባወጣችው ሕግ ሚራን ከታወቁ ሰብሎች ተራ አስገባች፤ ብሪታንያ ግን የሳይንስ አማካሪዎቿ እንዳይከለከል ቢመክሩም በ2014 ከለከለችው። በዓለም አቀፍ ስምምነት ካቲኖን ራሱ ጥብቅ ቍጥጥር ከሚደረግባቸው ቅመሞች አንዱ ሲሆን፣ ቅጠሉ ግን ከቍጥጥሩ ውጭ ነው። ሕግ በድንበር ይለያያል፤ የነርቭ አሠራር ግን በማዋም በአወዳይም አንድ ነው።

ስለዚህ መምህሩ ሁለት ስሕተቶችን መጠንቀቅ ይኖርበታል። አንደኛው ማጋነን ነው። «አንድ ጊዜ የቃመ ያብዳል» ብንል፣ አጎቱ ለ20 ዓመት ሲቅም የሚያይ ተማሪ ከዚያ በኋላ አያምነንም። እውነቱ፣ ብዙ መጠን አዘውትረው ከሚቅሙት ውስጥ አንዳንዶቹ ለአእምሮ ሕመም ይጋለጣሉ የሚለው ነው። ሁለተኛው ማቃለል ነው። አመዛዛኝ የሆነው የአንጎል ፊተኛ ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው ከ20 ዓመት ዕድሜ በኋላ ስለሆነ፣ በወጣትነት የሚጀመር ልማድ ሥር ይሰድዳል። በሱስ የተያዘ ተማሪ ደግሞ በሽተኛ እንጂ ወንጀለኛ አይደለም። እንደ ናይሮቢው ማታሪና እንደ አዲስ አበባው አማኑኤል ያሉ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎች አሉ፤ ከቅጣት በፊት ምክርና ሕክምና ይቅደም።

፰. ለክፍል የሚሆኑ ሙከራዎች

በማናቸውም ሙከራ ላይ ጫትም ሆነ ሌላ ዕፅ አይቀርብም፤ ተማሪዎችም እንቅልፍ እንዲያጡ አይታዘዙም።

ሀ. የልብ ምት፦ ተማሪዎች ተቀምጠው ለ1 ደቂቃ የልብ ምታቸውን ይቍጠሩ። ከዚያም ለ2 ደቂቃ በቦታቸው ይሩጡና እንደ ገና ይቍጠሩ። ወደ መጀመሪያው ለመመለስ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ሲምፓተቲክና ፓራሲምፓተቲክ ሲፈራረቁ በዚህ ይታያል።

ለ. የዐይን ብሌን፦ አንዱ ተማሪ ዐይኑን ለግማሽ ደቂቃ ይሸፍንና ወደ መስኮት ዞሮ ይግለጥ። ጓደኛው ብሌኑ ሲጠብ ይመልከት።

ሐ. የምላሽ ፍጥነት፦ አንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ አቍሞ ይያዝ፤ ሌላው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ከዜሮው ምልክት አጠገብ ከፍቶ ይጠብቅ። ማስመሪያው ሳይነገር ሲለቀቅ ይያዘው። 5 ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ ይውሰድ። 10 ሴንቲ ሜትር ላይ የያዘ 0.14 ሰከንድ፣ 15 ላይ የያዘ 0.17 ሰከንድ፣ 20 ላይ የያዘ 0.20 ሰከንድ ያህል ፈጅቶበታል። እያንዳንዱ ተማሪ የተኛበትን ሰዓት ከውጤቱ ጎን እየጻፈ ለ2 ሳምንት ቢመዘግብ፣ እንቅልፍና የነርቭ ቅልጥፍና ያላቸውን ግንኙነት በራሱ አካል ላይ ያጠናል።

፱. የመወያያ ጥያቄዎች

1. አድሮ የደረቀ ጫት ከትኩሱ ይልቅ የሚደክመው ለምንድን ነው?

2. ካፌይንና ካቲኖን እንቅልፍን የሚያባርሩበት መንገድ በምን ይለያያል? በምንስ ይመሳሰላል?

3. ሌቪ የመጀመሪያውን ልብ ብቻ ተጠቅሞ ቢሆን ኖሮ ምን ሊያረጋግጥ አይችልም ነበር?

4. ከናይሮቢ ወደ ሞያሌ ሌሊቱን የሚነዳ የጭነት መኪና ሾፌር «ሚራ ስቅም አይደክመኝም» ቢል ምን ትመልሱለታላችሁ? መልሳችሁን በጎተራው ምሳሌ አስረዱ።